ስራ ለቅቄ ፕሮሰስ ልጠብቅ ወይ? (ለደሴዋ ነርስ)

«እትዬ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነኝ፣ 26 ዓመቴ ነው፣ ነርስ ነኝ፣ ሜዲካል ዋርድ 3 ዓመት ሰራሁ። አሜሪካ ካለ ልጅ ጋር ኒካ አስረናል ፕሮሰሴም ተጀምሯል። ባሌ እዚህ ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት የሚባል ስራ አለ፣ ሁለት ዓመት ተምረሽ ጥሩ ትከፈያለሽ ይለኛል። ጓደኞቼ ደሞ አንቺ እኮ ነርስ ነሽ ለምን ከዜሮ ትጀምሪያለሽ ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ስራው ሰልችቶኛል፣ ደሞዙም ወር አያደርስም፣ ለቅቄ ቤት ቁጭ ብዬ እንግሊዝኛዬን እያነበብኩ ልጠብቅ ወይ? አባቴ ልቀቂ እያለኝ ነው። እናቴም እየሳለች በኩበት ጭስ መጋገሯን አልተወችም፣ እኔ ቤት ብውል እሷም ታርፍ ነበር። እርሶ በሙያው ስለኖሩበት ይንገሩኝ።»

አብሽሪ እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቶናው ላይ ነው፣ በረካው ሳይደርስ መልሱን ጨርሼ ነበር፦ አትልቀቂ። ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው ግን ማብራሪያው ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

መጀመሪያ ባልሽ የነገረሽ ሙያ ምን እንደሆነ እንተዋወቅ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ስሙን እንጂ ስራውን አያውቀውም። እዚህ ሀገር የሰው ትንፋሽ ባለቤት የለውም። ኦክስጅኑን ነርሷ ትከፍታለች፣ ቱቦውን አኔስቴቲስቱ (የሰመመን ባለሙያው) ያስገባል፣ ቬንቲሌተሩን (የትንፋሽ ማሽኑን) ዶክተሩ ያስተካክላል፣ ኔቡላይዘሩን (መድሃኒት በጭጋግ መልክ የሚሰጠውን) ተማሪ ይይዛል፣ ሌሊት ላይ ደሞ አስታማሚው ራሱ ጭንብሉ ሲወልቅ መልሶ ያደርጋል። እዛ ግን ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ስራ ነው። ከእጅ አንጓ አርተሪ ደም ቀድቶ ጋዙን የሚያይ፣ ቬንቲሌተር የሚገጥም የሚያላቅቅ፣ አስም ያለበትን ልጅ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድሃኒት) አወሳሰድ የሚያስተምር፣ ኮድ (የሰው ልብ ወይ ትንፋሽ ሲቆም የሚደረግ ጥሪ) ሲጠራ ሮጦ ጭንቅላት በኩል ቆሞ አምቡ (በእጅ የሚጨመቅ የትንፋሽ ከረጢት) የሚይዝ። እኔ መጀመሪያ ወሎ ውስጥ 6 ዓመት ነርስ ነበርኩ፣ ከዛ እዛ ሄጄ ይሄን ተምሬ 14 ዓመት ሰራሁበት፣ አሁን ተመልሼ ከሆጤ ወረድ ብሎ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እና ከዛ 14 ዓመት ውስጥ ያዳነኝ ግማሹ ትምህርት ቤት የተማርኩት አይደለም፣ እዚሁ ዋርድ ውስጥ ሳላውቀው የያዝኩት ነው።

አንድ ሌሊት ልንገርሽ። ሆስፒታሉን ተዪው ስሙ አያስፈልግም። ከወረኢሉ የመጡ እናት ነበሩ፣ ሳንባቸው በጭስ ያለቀ፣ ኦክስጅን ላይ ናቸው፣ እኔ 18 ህመምተኛ ብቻዬን ይዤ ተረኛ ነኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሊንደሩ አለቀ። ሙሉው ሲሊንደር እዛው ኮሪደር ቆሟል፣ ችግሩ እሱ አይደለም፣ መፍቻው የለም! መፍቻው ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል ኃላፊው ደሞ ቤቱ ተኝቷል። ዘበኛው መሳቢያውን በብረት እስኪፈለቅቀው ድረስ እኔ አምቡ እየጨመቅኩ፣ ልጃቸው ከጎኔ ዱዓ እያደረገ፣ ያቺ ሩብ ሰዓት እስካሁን በህልሜ ትመጣለች። ሴትየዋ ተርፈዋል። ጠዋት ግን ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ «መፍቻው የት ነበር» አልነበረም፣ «ለምን አስቀድሜ መቼ እንደሚያልቅ አላሰላሁም» ነበር።

ስሌቱ እኮ የአምስተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ሲሊንደሩ ላይ የውሃ መጠኑ በሊትር ተቀርጿል፣ ጌጁ ደሞ ግፊቱን በባር ያሳይሻል፣ ሁለቱን ታባዢያለሽ። 40 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ካለው 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለሽ ማለት ነው፣ ህመምተኛው በደቂቃ 5 ሊትር ከወሰደ 1,200 ደቂቃ፣ 20 ሰዓት። 10 ሊትር ከወሰደ 10 ሰዓት ብቻ። ነገ ተረኛ ስትገቢ መጀመሪያ ይሄን አስይና ፕላስተር ላይ «እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት» ብለሽ ሲሊንደሩ ላይ ለጥፊው። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ ደሞ አትጠብቂ፣ ትንሽ ሲቀረው ቀይሪ። መፍቻውን በገመድ ራሱ ሲሊንደሩ ላይ እሰሪው። እዛ ሀገር ስትማሪም ይሄንኑ ስሌት ነው በሌላ መለኪያ የሚፈትኑሽ፣ ያኔ ሌላው ተማሪ ቀመር ሲሸመድድ አንቺ የሚታይሽ ሰው ነው።

ሌላው ደሞ ጠዋት ፀጉርሽን ቅቤ ተቀብተሽ ወይ እጅሽን ቫዝሊን ነክተሽ ሬጉሌተር (ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመውን መቆጣጠሪያ) እንዳትፈቺ። ቅባትና ጫና ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ ክብሪት ሳያስፈልግ ይነዳል። ይሄን እዚህ በነበርኩበት ዘመን ማንም አልነገረኝም፣ የተማርኩት እዛ ሄጄ ነው፣ ስንቴ ቅቤ በነካ እጅ እንደፈታሁ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሳቹሬሽን (ደም የያዘው ኦክስጅን በመቶኛ) ደሞ ሌላ ጉድ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ስለዚ ጤነኛው ሰው ራሱ 94፣ 95 ቢያሳይ አትደንግጪ፣ ያው ሰውዬ ኮምቦልቻ ሲወርድ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል ሳንባው ግን አልተቀየረም። መጽሐፉ ሲጻፍ የባህር ጠረፍ ሰው ታስቦ ነው። ስለዚ አንቺ ቁጥሩን ብቻ አትይ ሰውየውን እይ፦ ስንቴ ይተነፍሳል፣ አንገቱ ይጎተታል ወይ፣ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል ወይስ ሁለት ቃል ብሎ ያርፋል። ጣቱ ላይ ጥቁር ሂና ወይ የጥፍር ቀለም ካለ ጣት ቀይሪ። ደሞ በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የወጣ ጥናት ያቺ የጣት መሳሪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጋ የምትነግርበት ጊዜ እንዳለ አሳይቷል፣ እኛን ነው የሚመለከተው ማለት ነው። መሳሪያዋ 92 ብላሽ ሰውየው እያላበው ከሆነ ሰውየውን እመኚ።

ኦክስጅን ሲበዛ ጥሩ ነው የሚለውንም ተዪው። እንደነዛ እናት ሳንባቸው በጭስ ለዓመታት የተጎዳ ሰዎችን ከ88 እስከ 92 ባለው ማቆየት ነው የሚባለው፣ 100 አድርጌ ላሳርፋቸው ብለሽ ብትከፍቺው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይከማችና ጠዋት ላይ «ደህና ተኝተዋል» ያልሻቸው ሰዎች ላይነቁ ይችላሉ። ያለጊዜው የተወለደ ህፃን ላይ ደሞ የበዛ ኦክስጅን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ኦክስጅን መድሃኒት ነው፣ መጠን አለው፣ ቻርት ላይ ይጻፋል። ዋርድሽ ውስጥ ይጻፋል? አይመስለኝም። እንግዲህ አንቺ ጀምሪዋ።

ፓፉን በተመለከተ፣ ወሎ ውስጥ «ፓፍ ከተጀመረ አይቆምም፣ ልብ ያደክማል» የማይል ቤት አላገኘሁም፣ ወንዶቹ ይደብቁታል፣ ሴቶቹ ደሞ ለጋብቻ እንቅፋት ይሆናል ብለው ይተዉታል፣ ከዛ ሌሊት ሲብስ ድንገተኛ ይመጣሉ። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ብታስተምሪ ግማሹ አይመለስም። ነቅንቂው፣ ትንፋሽሽን አውጪ፣ ተጭነሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ እስከ አስር ቁጠሪና ያዢ። ይሄ ላልሆነለት ሰው ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መሃል የሚገባው ዕቃ) ከሌለ የ500 ሚሊ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀደሽ መስራት ይቻላል፣ ቀልድ አይደለም በጥናት የተፈተነ ነው። እኔ እዛ ሆኜ ለአለቃዬ ስነግራት ሳቀች፣ ከዛ አንብባ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ :)

አሁን ወደ ዋናው። ሜዲካል ዋርድ ሰለቸሽ፣ ይገባኛል፣ ሶስት ዓመት አንድ ቦታ ማንንም ያሰለቻል። እና መልቀቅ ሳይሆን መቀየር ነው ያለብሽ። የነርሶች ኃላፊዋ ሜትሮንሽ ጋ ሄደሽ አይሲዩ (የፅኑ ህሙማን ክፍል) ሮቴሽን ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ ድንገተኛ፣ እሱም ካልሆነ ኒኦናታል (የጨቅላ ህፃናት ክፍል)። አይሲዩ ስትገቢ ከአኔስቴቲስቶቹ ጋር ተጠጊ፣ እነሱ እንደምታውቂው ቸኩለው ነው የሚኖሩት ግን ለሚጠይቅ ሰው ያስረዳሉ። ቬንቲሌተሩን ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቂው የህመምተኛውን ቁመት ይሁን። ሰው ይገረማል፣ ኪሎውን እንጂ ቁመቱን ማን ይለካል? ሳንባ ግን በኪሎ አያድግም፣ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርም። 160 ሴንቲሜትር የሆነች ሴት 50 ኪሎም ትሁን 90 ኪሎም በቁመቷ የሚሰላው ክብደቷ ወደ 52 ኪሎ ነው፣ ሳንባዋ ክፉኛ ከቆሰለ በኪሎ 6 ሚሊ ሲሰጣት አንዷ ትንፋሽ ወደ 314 ሚሊ ትመጣለች፣ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ማለት ነው በቃ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ነው ይሄን ያረጋገጠው፣ ከዛ በፊት እጥፉን እየነፉ ሳንባ ይጎዱ ነበር። ስለዚ ኪስሽ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ይኑርሽ፣ ከሸዋ በር ገዝተሽ። እኔ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከኪሴ አልወጣም።

መብራት ሲጠፋ ደሞ ያው ታውቂዋለሽ፣ ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራው ኮንሰንትሬተር ይቆማል፣ ቬንቲሌተሩ ባትሪው ይጮሃል፣ ሰው ይጯጯሃል። በዛች ሰዓት አምቡ አጨማመቅ የሚያውቅ ሰው ነው ወርቁ። በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ፖሊዮ ሲገባ ማሽኑ ስላልበቃ የህክምና ተማሪዎች በፈረቃ ለሳምንታት በእጃቸው እየነፉ ነው ሰው ያተረፉት፣ አይሲዩ የሚባለው ነገር ራሱ ከዛ ነው የተወለደው። እና «እኛ ጋ ማሽን የለም ምን እማራለሁ» እንዳትዪኝ፣ ሙያው የጀመረው ማሽን ካልበቃበት ነው። ግን ስትጨምቂ አትቸኩዪ፣ በድንጋጤ ሁሉም ሰው እንደ ወናፍ ይነፋዋል፣ ሆድ በአየር ይሞላና ትውከት ይመጣል። ለአዋቂ በየ 6 ሰከንዱ አንዴ፣ ደረቱ ከፍ ሲል ስታዪ በቃ ልቀቂው። (አንድ ዘበኛ አምቡ አምጣ ብዬው ሮጦ አምቦ ውሃ ያመጣልኝን ቀን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።)

ፕሮሰስ ደሞ ፕሮሰስ ነው፣ ስድስት ወር ብለውሽ ሶስት ዓመት ይሆናል፣ ህጉም በመሃል ይቀያየራል፣ እዚህ ቤት ቁጭ ብለው ስንት ልጆች ጠበቁ መሰለሽ። ስለዚ የማይመጣ እንደሆነም መንገድ ይኑርሽ። እኛ ሀገር በዚህ ስም የሚሰጥ ሙያ ብዙም ባይታወቅም በኢመርጀንሲና ክሪቲካል ኬር ነርሲንግ ማስተርስ አለ፣ ለትንፋሽ ስራ በጣም የሚቀርበው እሱ ነው። ጥቁር አንበሳ የሳንባና የክሪቲካል ኬር ሀኪሞች ማሰልጠን የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፣ እነሱ እየበዙ ሲሄዱ ከጎናቸው የሚቆም ትንፋሽ የሚያውቅ ነርስ መፈለጋቸው አይቀርም፣ ያኔ አንቺ ለምን አትሆኚም?

እሺ አሜሪካ ደረስሽ እንበል። ጓደኞችሽ ያሉሽ ግማሽ እውነት ነው። የነርስ ዲግሪሽ እዛ ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት አያደርግሽም፣ ፈተናው ላይ ለመቀመጥ ኮአርክ የሚባለው አካል እውቅና ከሰጠው ትምህርት ቤት መመረቅ አለብሽ፣ አቋራጭ የለውም። በነርስነት ከሆነ ግን ዶክመንትሽ ተገምግሞ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች ፈተና ተፈትነሽ ልታልፊ ትችያለሽ፣ አዲስ ዲግሪ ሳትማሪ። ገንዘቡንም ልንገርሽ ባልሽ ያልነገረሽን፦ በ2023 እ.ኤ.አ. የመንግስታቸው አሃዝ የሬስፒራቶሪ ቴራፒስት መሃለኛ ደሞዝ በዓመት ወደ 78 ሺህ ዶላር፣ የነርስ ደሞ ወደ 86 ሺህ ነበር። ስለዚ ለብር ብቻ ከሆነ ነርስነትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እኔ የሙያዬ ሰው ብሆንም አልዋሽሽም። ታዲያ እኔ ለምን መረጥኩት? አንድ ህመምተኛ ላይ 12 ሰዓት መዋል አልወድም፣ ከፎቅ ፎቅ መሮጥ፣ ችግር ያለበት ቦታ ተጠርቼ ሄጄ አስተካክዬ መውጣት ነው የምወደው፣ ደሞ ያቺ የወረኢሏ ሴትዮ ነገር አለች። አይሲዩ ስድስት ወር ከሰራሽ በኋላ ራስሽ ታውቂዋለሽ፣ ቬንቲሌተሩ ሲጮህ ወደሱ የምትሮጪ ከሆነ የኛ ሰው ነሽ፣ ሰው የምትጠሪ ከሆነ ነርስ ሁኚ፣ ሁለቱም ክብር ነው።

የኛ ሰው ከሆንሽ መንገዱ እንዲህ ነው። ቢያንስ የሁለት ዓመት አሶሺየት ዲግሪ፣ ከሱ በፊት ደሞ አናቶሚ ኬሚስትሪ ማይክሮባዮሎጂ ምናምን ይጠይቃሉ፣ ስለዚ ሁለት ሲሉሽ ሶስት ብለሽ ያዢው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግቢ፣ በቲቪ ማስታወቂያ የሚጮኸው ውድ ትምህርት ቤት አያስፈልግሽም። ገብተሽ ከመክፈልሽ በፊት ግን እውቅናው የዛን ፕሮግራም መሆኑን አረጋግጪ፣ ኮሌጁ እውቅና ኖሮት ፕሮግራሙ የሌለው አለ። ክሊኒካል ልምምዱ አይከፈልበትም ቀንሽንም ይበላል፣ ሙሉ ሰዓት እየሰራሽ አይሆንም፣ ስለዚ ከባልሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ እነዛን ሁለት ዓመታት ቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ይሄ ጥያቄ ሳይመለስ ሄደው ፓርኪንግ ቤት ስምንት ዓመት የቀሩ ጎበዝ ነርሶች አውቃለሁ። ከምረቃ በኋላ የቦርዱ ፈተና አለ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. በነበረው አሰራር 160 ጥያቄ በ 3 ሰዓት ነበር፣ ዝቅተኛውን ነጥብ ካለፍሽ ሲአርቲ (መነሻው ማዕረግ) ትባያለሽ፣ ከፍተኛውን ካለፍሽ ደሞ ሁለተኛውን የሲሙሌሽን ፈተና ወስደሽ አርአርቲ (ከፍተኛው ማዕረግ) ትሆኛለሽ። እኔ ስፈተን ስሙም ሌላ ነበር፣ እየቀያየሩት ስለሆነ ያኔ ከራሱ ከቦርዱ አጣሪ። ሲአርቲ ላይ እንዳትቆሚ ብቻ። «ስራ ልጀምርና በኋላ እፈተናለሁ» ያለ ጓደኛዬ አራት ዓመት በዛው ቀረ፣ ጥሩ ጥሩው ሆስፒታል አርአርቲ ነው የሚለው። ከዛ የስቴቱ ላይሰንስ።

የመጀመሪያው ዓመት ሌሊት ነው፣ አትከራከሪ። ሌሊት አለቃ አይበዛም ኮድ ይበዛል፣ እጅሽ የሚፈታው ያኔ ነው። ከዛ ወዲያ ማደጊያው ሰፊ ነው፣ ህፃናትና ጨቅላ ላይ፣ አዋቂ አይሲዩ ላይ፣ እንቅልፍ ምርመራ ላይ፣ የሳንባ መለኪያ ላብራቶሪ ላይ የየራሱ ፈተናና ማዕረግ አለው፣ ሄሊኮፕተር ላይ የሚሰሩም አሉ (እኔ ከፍታ ስለምፈራ አልሞከርኩም፣ የደሴ ልጅ ሆኜ!)። ሱፐርቫይዘር ልሁን ካልሽ ዲግሪውን ወደ ባችለር ማሳደግ አለብሽ። እኔ ኒኦናታል ላይ ነው የቀረሁት፣ 700 ግራም የሆነች ልጅ ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር የሚገፋ መሳሪያ) ላይ አድራ ጠዋት ስትጮህ ከመስማት የሚበልጥ ሹመት አልታየኝም።

አሁን በእጅሽ ያለ አንድ ስራ፦ ኮስት ሼሪንግሽን ጨርሺ። ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ወረቀት) ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ እዛ ሆነሽ ኦሪጅናሉን ለማስወጣት ውክልና፣ ወንድም፣ ልመና፣ ስልክ... እኔ ለትራንስክሪፕት ብቻ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን በታሸገ ፖስታ፣ የስራ ልምድሽን አይሲዩ የሰራሽበት ወር ተለይቶ ተጽፎ፣ ላይሰንስሽን፣ ሁሉንም አረጋግጠሽ ያዢ። የስራ ልምድ ደብዳቤ ደሞ ሳትለቂ ስትጠይቂ ነው በሰላም የሚሰጥሽ። እንግሊዝኛውን ከተረኛ በኋላ አንድ ሰዓት አንብቢ ይበቃል፣ ቤት ቁጭ ብለሽ ስምንት ሰዓት አታነቢም፣ ወላሂ አታነቢም፣ ሰርግና ለቅሶ ነው የምትውዪው።

አባትሽን አልወቅሳቸውም፣ ልጃቸው ሌሊት ከታካሚ ጋር ስታድር ሆዳቸው አይችልም። ግን ልቀቂ ያሉሽ ስራው አይረባም ብለው ከሆነ አንድ ቀን ሳቹሬሽን መለኪያዋን ይዘሽ ቤት ሂጂና ጣታቸው ላይ አድርጊላቸው፣ ምን እንደምትሰሪ ያኔ ያያሉ።

ያቺን መሳሪያ ይዘሽ ስትሄጂ ግን ለእናትሽ ነው የበለጠ የምትጠቅመው። በደብዳቤሽ መሃል እንደዋዛ አልፈሽዋል፣ እኔ ግን እዛ ላይ ነው የቆምኩት። ስንት ጊዜ ሆናቸው ከሳሉ? ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ከሆነ መጀመሪያ አክታ ነው የሚታየው፣ ቲቢ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ወደ ሌላ አይኬድም፣ ይሄን አንቺም ተምረሽዋል። ቲቢ ካልሆነ ደሞ ያ ሁሉ ዓመት የኩበት ጭስ ሲጋራ አጭሶ ለማያውቅ ሰው ሳንባ ያበላሻል፣ እኛ ሀገር ሴቶች ላይ ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን የሚያጠብ የቆየ የሳንባ በሽታ) በብዛት የሚመጣው በዛ በኩል ነው፣ ስፓይሮሜትሪ (የሳንባ አቅም መለኪያ) ያለበት ቦታ አስነፊያቸው። እስከዛው ምጣዱን ከጓዳ አውጥታችሁ በረንዳ ላይ አድርጉት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ አሰሩ፣ ከቻላችሁ መብራት ባለ ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገር። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነ፣ ሌሊት ትራስ ይደራርቡ እንደሆነ፣ እግራቸው ያብጥ እንደሆነ ጠይቂያቸውና የአክታውን ውጤት ጨምረሽ ጻፊልኝ፣ ከባልሽ ጉዳይ በፊት እሱን ነው የምጠብቀው።